አሮጌ ኮምፒውተር ለቪዲዮ ኤዲቲንግ፦ ጠይቁ፣ ልመልስ

መልስ ሰጪ፦ ስትጠይቁ የፕሮሰሰሩን ዓይነት፣ የራሙን መጠን፣ ቀረጻው በምን እንደተቀረጸ ጻፉ። የኮምፒውተሩን ክዳን ከመክፈታችሁ በፊት ደግሞ ባክአፕ፣ ማለትም የፋይሎቻችሁን ሌላ ቅጂ፣ ያዙ።

ጥያቄ፦ ኮምፒውተሬ ተንቀራፈፈብኝ፣ ምን ልግዛ?

መልስ፦ አሁን ምን አልኩ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮር አይ5 4ኛ ትውልድ፣ 8 ጊጋ ራም፣ ሃርድ ዲስክ ነው ያለኝ። በስልክ የቀረጽኩት 4ኬ ቪዲዮ ታይምላይን ላይ ይቆራረጣል። ኤስኤስዲ ብገዛ ይስተካከላል?

መልስ፦ ጥያቄ እንዲህ ነው! አይስተካከልም። ቀረጻህ በሰከንድ 100 ሜጋቢት ቢሆን እንኳ ለ8 ስታካፍለው 12.5 ሜጋባይት ነው። ይህንን ከኤስኤስዲ የሚዘገየው ያረጀ ሃርድ ዲስክም ያነበዋል። ላብ በላብ የሆነው ፕሮሰሰሩ ነው። የዊንዶውሱን ታስክ ማናጀር ከፍተህ ቪዲዮውን አጫውትና 100 በመቶ የሚነካው የቱ እንደሆነ እይ።

ነገሩ ኮዴኩ፣ ማለትም ቪዲዮው የታመቀበት ዘዴ፣ ላይ ነው። ኤች.264ም ሆነ ኤች.265 ሁሉንም ፍሬም (እያንዳንዱን ምስል) ሙሉውን አያስቀምጡም። አንዱን ሙሉ ይይዙና ለተከታዮቹ የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባሉ። ቁጭ ብሎ ለማየት ግሩም ነው። ስትቆርጥ ግን፣ ጠቋሚውን መሃል ላይ ባሳረፍክ ቁጥር ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ ሄዶ ሙሉውን ፍሬም ይፈልጋል፣ ከዚያ እያሰላ አንተ ያለህበት ይደርሳል። ወደ ኋላ ስታጫውትማ አይነሳ። ባለ 10 ቢት ኤች.265 ከሆነ ደግሞ የኢንቴል ግራፊክስ በሃርድዌር የሚፈታው ከ7ኛው ትውልድ ወዲህ ነው፤ ያንተ ሸክሙን በሙሉ ለፕሮሰሰሩ ይጥላል።

ስለዚህ ፕሮክሲ ሥራ፤ ለመቁረጫ ብቻ የሚሆን ቀላል ቅጂ ማለት ነው። በኤዲቲንግ ፕሮግራሞቹ በዳቪንቺ ሪዞልቭም በፕሪሚየርም አለ። የ720ፒ ቅጂ ዲኤንኤክስኤችአር ኤልቢ በሚባለው ኮዴክ አውጣ፤ እሱ እያንዳንዱን ፍሬም ለብቻው ነው የሚይዘው። ማታ አስጀምረኸው ተኛ። በቅጂው ትቆርጣለህ፣ ኤክስፖርት ስታደርግ ወደ ዋናው መመለሱን አረጋግጥ። ገንዘብህን መጀመሪያ ራሙን 16 ጊጋ ለማድረግ፣ ቀጥሎ ለኤስኤስዲ አውጣው። ኤስኤስዲው ፕሮግራሙን ቶሎ ይከፍትልሃል፣ መቆራረጡን አያስቀርም።

ሌላ ተሳታፊ፦ ዊንዶውስን ትታችሁ ሊኑክስ ጫኑና ተገላገሉ።

ሌላዋ፦ ጭኜ ነበር። ነጻው ሪዞልቭ የስልኬን ኤች.264 አልከፍትም አለኝ።

የሊኑክሱ፦ ኬደንላይቭ የሚባል ኤዲተር አለልሽ!

ሌላዋ፦ ሁለት ጊዜ ሥራዬን ይዞ የተዘጋው?

የሊኑክሱ፦ አሮጌ ቅጂ ጭነሽ ይሆናላ።

መልስ ሰጪ፦ ኬደንላይቭም ፕሮክሲ አለው። ጠቡን ሌላ ቦታ።

ጥያቄ፦ የኔ ራም ዲዲአር3 ነው። ዲዲአር4 ልጨምርበት?

መልስ፦ አይገባም፣ ቁርጡ ያለበት ቦታ ይለያያል። እኔ አንዴ በጉልበት ስገፋ የማዘርቦርዱን መቆለፊያ ሰብሬዋለሁ። ያው ዓይነት፣ ጥንድ ጥንዱን ግዛ። ባክአፕ።

ጥያቄ፦ ግራፊክስ ካርድስ?

መልስ፦ ፓወር ሰፕላይሽ ስንት ዋት ነው? በፋብሪካ ተገጣጥመው የሚመጡት ብዙዎቹ ማገናኛቸው የራሳቸው ነው፤ ሌላ ፓወር ሰፕላይ ልቀይር ብትዪ አይገጥምም። ካርዱ የኮምፒውተሩ ሳጥን ውስጥ መግባቱንም በሜትር ለኪ።

ጥያቄ፦ ኤስኤስዲ ብገዛ መቆራረጡ ይቆማል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ጥያቄ፦ ዊንዶውስ 11 ይቀበለኛል?

መልስ፦ በይፋ የሚቀበለው ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14፣ 2025 አብቅቷል። ሌላውን የዊንዶውስ ሰው ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ቪዲዮው እየረዘመ ሲሄድ ድምፁ ከከንፈሩ ይቀድማል። ራም አንሶኝ ነው?

መልስ፦ ራም ምን በወጣው! ስልክ የፍሬም ፍጥነቱን በየመሃሉ ይለዋውጣል፣ ኤዲተሩ ደግሞ ወጥ ፍጥነት ይጠብቃል። ክሊፑን ሃንድብሬክ በሚባለው ፕሮግራም ወደ ቋሚ የፍሬም ፍጥነት ለውጠሽ አስገቢው።

ጥያቄ፦ ኤስኤስዲውን ገጥሜ ክሎን ላደርግ፣ ሃርድ ዲስኩን እንዳለ ልገለብጥበት ነው። ምንጩ የትኛው፣ መድረሻው የትኛው እንደሆነ ጠፋኝ፤ ዝም ብዬ ልጫነው?

መልስ፦ እጅህን አንሳ! በመጠናቸው ለያቸው። ባዶውን በሙሉው ላይ ከገለበጥከው ሁለት ባዶ ዲስክ ነው የሚኖርህ። ባክአፕ ይዘሃል?