ሬዞኔተር ከወጣ በኋላ 2,500 ዙር ላይ የሚመጣ ጉምጉምታ

ማርሚታውን አትቀይር። የኒሳን 350ዜድህን ሬዞኔተር (የጭስ ማውጫው መስመር ላይ ያለውን ድምፅ ማለስለሻ) ካስወጣህ ወዲህ ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ ሲደርስ ጆሮ የሚያደነቁረውን ጉምጉምታ፣ የጭስ ማውጫው ጎን ላይ ጫፉ የተደፈነ ቱቦ በማስበየድ ታጠፋዋለህ። የወደድከው ድምፅ ከሞላ ጎደል እንዳለ ይቀራል።

ልኩ፦ 2,500ን ለ60 አካፍለህ በ3 አባዛ፤ ባለ 6 ሲሊንደር በአንድ ዙር 3 ጊዜ ስለሚተኩስ 125 ኸርዝ ይመጣል። የጎን ቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ድምፅ በሰከንድ 387 ሜትር ገደማ ይጓዛል። የቱቦው ርዝመት የድምፁ ሞገድ ሩብ መሆን ስላለበት፣ 387ን ለ4፣ ከዚያ ለ125 ስታካፍል 77 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። ስፋቱ ከዋናው ቱቦ ጋር እኩል ይሁን፤ የሚበየደውም ሁለቱ የጭስ ማውጫ መስመሮች ከተገናኙ በኋላ ነው።

ግን 85 ሳንቲ ሜትር አስቆርጥ። ሙቀቱ በግምት የተያዘ ነው፤ ያጠረ ቱቦ ደግሞ መልሶ አይረዝምም። ክዳኑን በፋሼታ አጥብቀህ ሞክር፣ 2 ሳንቲ ሜትር እያሳጠርክ ሂድ፤ ሲስተካከል አስበይደው። ጫፉ ትንሽ ካፈሰሰ አይሠራም።