ድካማችሁን በስሙ ጥሩት፤ ለጅማ ወጣቶች

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፍላችሁ ጅማ ላይ በጤና ሙያ ያረጀሁ አባታችሁ ነኝ። እግዚአብሔር በድካማችን ውስጥ እንደሚሠራ በሙሉ ልቤ አምናለሁ። ግን ድካማችሁ የቱ ነው? «ጌታ ሆይ፣ ደካማ ነኝ» ብሎ ብቻ መጸለይ ሐኪም ፊት ቀርቦ «አሞኛል» ካሉ በኋላ ዝም እንደማለት ነው።

ለሁለት ሳምንት ትንሽ ደብተር ያዙ። በተሸነፋችሁ ቁጥር ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ አብሯችሁ የነበረውን ሰውና ከዚያ በፊት ምን ስታደርጉ እንደነበር ጻፉ። «ጫት አሸነፈኝ» የሚል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደብተሩን ሲያገላብጥ ብዙ ጊዜ አንድ መንገድ ያያል፤ ፈተና ደርሷል፣ ምሳ በወጉ አልተበላም፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያው ጓደኛ ቤት ተቀምጧል። ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ጠዋት ድብርት ነው፣ ድብርቱን ለማባረር እንደገና ጫት። ይህን ያየ ሰው ጸሎቱም ይለወጣል፦ «ጌታ ሆይ፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያዘኝ።» ምሳውን በልቶ፣ በዚያ ሰዓት ቤተ መጻሕፍት ወይም ቤተ ክርስቲያን ይገኛል።

ጫት የሚተው ሰው ዱካክ እንደሚመጣበት አስቀድሞ ይወቅ። የሚያስጨንቅ ሕልም፣ ድካም፣ ብስጭት ይኖራል። ብዙዎች «ጸሎቴ አልተሰማም፣ ጠላት በረታብኝ» ብለው የሚመለሱት እዚህ ላይ ነው። ሰውነት የለመደውን ሲያጣ የሚያደርገው ነው፤ በቀናት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል።

ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ጌታን ለምኗል። የተመለሰለት «ጸጋዬ ይበቃሃል፥ ኃይሌ በድካም ይፈጸማልና» የሚል ነው (2ኛ ቆሮንቶስ 12፥9)። ይህን ቃል ለስንፍና መሸፈኛ ሲያደርጉት ስሰማ አዝናለሁ። ሳያጠኑ ፈተና መግባት የጳውሎስ ድካም አይደለም፤ እርሱ ድንኳን እየሰፋ በእጁ የሚሠራ ሰው ነበር። ቃሉ የተሰጠው ለምኖ፣ ደክሞ፣ ያልተነሣለትን ተሸክሞ ለሚሄድ ነው፤ ለሚንተባተብ፣ ዕድሜ ልኩን ከሚቆይ ሕመም ጋር ለሚኖር፣ ሰው ፊት ሲቆም ጉልበቱ ለሚከዳው።

ሙሴ «አፌ ኮልታፋ ነው» ባለ ጊዜ አፉ ተፈታለት የሚል አናነብም፤ የተሰጠው ወንድሙ አሮን ነው። እናንተም አንድ ሰው ፈልጉ። ኦርቶዶክስ ከሆናችሁ የንስሐ አባታችሁ አሉ፤ ወንጌላውያን ከሆናችሁ ምሥጢር የሚጠብቅ የጉባኤያችሁ ሽማግሌ ወይም እናት አይጠፋም። ገና በጀመራችሁ በሳምንቱ መድረክ ላይ ወጥታችሁ «ተፈታሁ» አትበሉ። ጭብጨባው ካለፈ በኋላ የወደቀ ልጅ ከኀፍረቱ የተነሣ ይደበቃል፤ መደበቁ ከውድቀቱ ይብሳል።

ኤልያስ ሞትን ሲለምን መልአኩ አልገሠጸውም። ቀስቅሶ እንጎቻና ውኃ ሰጠው፣ መልሶ ተኛ፣ ሁለተኛ ቀስቅሶ አበላው (1ኛ ነገሥት 19)። ሳትበሉና ሳትተኙ ስለ ሕይወታችሁ አትወስኑ። ሞት የሚያሰኝ ሐሳብ ከመጣባችሁ ግን ብቻችሁን አትሁኑ፤ ዛሬውኑ ሰው ይዛችሁ ሆስፒታል ሂዱ። የሚጥል በሽታ ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት የምትወስዱም ጠበል ገባን፣ ተጸለየልን ብላችሁ ክኒኑን አታቋርጡ። በድንገት ሲቆም ሕመሙ ብሶ ሊመለስ ይችላል። ጠበሉም ጸሎቱም ከክኒኑ ጋር አይጣሉም።

ከወደቃችሁ በዚያው ቀን ምሥጢራችሁን ለነገራችሁት ለዚያ ሰው ደውሉ፤ እስከ እሑድ አትጠብቁ። ነገሩን ማስረዳት አይጠበቅባችሁም። «ዛሬ ቅሜያለሁ፣ ጸልይልኝ፣ ነገ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደውልልኝ» ካላችሁ ይበቃል።