መልስ፦ «ካም» ነው ወይስ «ካምስ»?

ወንድሜ፣ በእንግሊዝኛ «ፓኒክ (ድንገተኛ ሽብር) ከግሪክ አፈ ታሪክ ከመጡት ቃላት አንዱ ነው» ለማለት፣ «ፓኒክ ኢዝ ዋን ኦፍ ዘ ወርድስ ዛት» ካልኩ በኋላ «ካም» (come) ልበል ወይስ «ካምስ» (comes) ነው ጥያቄህ። እኔ «ካም» እላለሁ። ግሡ የሚስማማው ከ«ዋን» ጋር ሳይሆን ከ«ወርድስ» ጋር ነው። ከግሪክ አፈ ታሪክ የመጡት ብዙ ቃላት ናቸዋ! «ካምስ» ብሎ የሚጽፍም ሞልቷል፤ ፈተና ላይ ግን ባትሞክረው ይሻላል። «ዛት» ከሌለች ነገሩ ይገለበጣል፦ «ዋን ኦፍ ዘ ወርድስ ካምስ» ትላለህ፤ እዚህ ባለቤቱ ራሱ «ዋን» ነው።

ፓኒክ የመጣው ከፓን ነው፤ የፍየል እግርና ቀንድ ካለው የእረኞች አምላክ። ጭር ባለ ዱር መንጋው ድንገት ደንብሮ ሲበተን ግሪኮች «የፓን ሥራ ነው» ይሉ ነበር። በነገራችን ላይ የኛው «ሙዚቃ»ም ሥሩ እዚያው ነው፤ ሙሳይ ከሚባሉት 9 እህትማማች የጥበብ አማልክት።