የአባት ስም አይቀድምም፦ የፉትኖት ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ሰላም የዓምዱ አዘጋጅ፣ እንደምን አለህ። ሐዋሳ ነው ያለሁት፣ በታሪክ ማስተርሴን ጨርሼ ቴሲሴን አሳጥሬ በእንግሊዝኛ ለአንድ የታሪክ ጆርናል ላኩት። ሪቪወር ጋ እንኳን ሳይደርስ ኤዲተሩ መለሰልኝ፣ ስለ ይዘቱ ምንም ሳይል «ፉትኖትና ቢብሊዮግራፊው (የግርጌ ማስታወሻውና መጨረሻ ላይ ያለው የዋቢ ዝርዝር) በቺካጎ የአጻጻፍ ሥርዓት ይስተካከል፣ የኢትዮጵያውያን ስም አጻጻፍ ወጥ ይሁን፣ የዘመን አቆጣጠሩ ይለይ» ብቻ ነው ያለኝ። ዞቴሮ የሚባለውን የማጣቀሻ ፕሮግራም ተጠቅሜ ነው የሠራሁት፣ እሱ ራሱ አያስተካክለውም እንዴ? ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ አይዞሽ፣ ይሄ ውድቅ ማለት አይደለም፣ አስተካክለሽ መልሺ ነው የተባልሽው። ከስሞቹ ጀምሪ፣ ምክንያቱም ስሙ ከተስተካከለ የፊደል ተራው ራሱ ቦታውን ይይዛል።

ዞቴሮ የሚያውቀው የፈረንጅ ስም ነው፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ቃል የቤተሰብ ስም ናት ብሎ ስለሚያስብ ቢብሊዮግራፊው ላይ ወደ ፊት ያመጣታል፣ እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም፣ ያለን የራሳችንና የአባታችን ስም ነው። ባሕሩ ዘውዴ ሲገባ «ዘውዴ፣ ባሕሩ» ሆኖ ይወጣል፣ መጽሐፉን የጻፉት ግን ባሕሩ ናቸው፣ ዘውዴ አባታቸው ናቸው። ከጎግል ስኮላር ያወረድሽው ሳይቴሽን ደግሞ አንዳንዴ ተገልብጦ አንዳንዴ ሳይገለበጥ ስለሚመጣ የአንድ ሰው ሁለት ሥራ አንዱ በቢ ስር ሌላው በዜድ ስር ይገባል፣ ከዛ አንባቢው ሁለት ሰው ይመስለዋል። ኤዲተሩ «ወጥ ይሁን» ያለሽ ይሄንኑ ይመስለኛል። ያንቺን ቢብሊዮግራፊ ከላይ እስከ ታች በጣትሽ እየተከተልሽ እይው፣ እንዲህ የተከፈለ ሰው አታጪም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዞቴሮ ላይ ደራሲው ስም አጠገብ ሁለቱን ሳጥን ወደ አንድ የሚቀይር ትንሽ ምልክት አለ፣ እሱን ተጭነሽ ሙሉ ስሙን በአንድ ሳጥን ጻፊው፣ ከዛ በኋላ አይገለብጠውም። ታደሰ ታምራትም ታደሰ ታምራት እንደተባሉ በቲ ስር ይቀመጣሉ። በተለይ ሁለት ቃል የሆኑትን የራስ ስሞች ተጠንቀቂላቸው፣ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «ባይከዳኝ፣ ገ. ሕ.» አድርጎ ሲያወጣው በጣም ያሳዝነኛል፣ «ገብረ ሕይወት» አንድ ስም ነው፣ «ገብረ» ብቻውን ስም አይደለም። የውጭ ሰዎቹ ግን እንደ ልማዳቸው ይገልበጡ፣ ፓንክኸርስት ከሪቻርድ ይቅደም። ዶክተርና ፕሮፌሰር አይጻፍም። ብላቴን ጌታ፣ ደጃዝማች የመሳሰለውን ማዕረግ ካስገባሽም የፊደል ተራው በስሙ እንጂ በማዕረጉ አይሁን።

ስፔሊንግ ላይ ደግሞ ሰውየው እንግሊዝኛ መጽሐፉ ላይ ራሱን እንደጻፈው ነው የሚጻፈው። ታደሰ ታምራት በ1972 እ.ኤ.አ. ኦክስፎርድ ላይ ክላረንደን ፕሬስ ባሳተመላቸው መጽሐፍ ላይ ታደሰ በሁለት ዲ ነው የተጻፈው፣ አንቺ በአንድ ዲ ብትጽፊው ካታሎግ ውስጥ የሚፈልጋቸው ሰው ላያገኛቸው ይችላል። ከአማርኛ መጽሐፍ ወደ ላቲን ፊደል ስትገለብጪ ግን ጆርናሉ የሚቀበለውን አንድ ሥርዓት ያዢና እስከ መጨረሻው በሱ ሂጂ፣ መሃል ላይ አትቀይሪ።

ዘመን ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ወደ ፈረንጅ ዓመት ለመለወጥ ሁሉም ላይ ዝም ብሎ ስምንት መደመር አይሠራም፣ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ ሰባት ነው፣ ከዛ በኋላ ነው ስምንት የሚሆነው። የካቲት 1966 ስትይ ፌብሩዋሪ 1974 ነው፣ ንጉሡ የወረዱበት መስከረም 2 ቀን 1967ም ሴፕቴምበር 12፣ 1974 ነው፣ የኛ ሁለት ዓመት የፈረንጅ አንድ ዓመት ውስጥ ገባ ማለት ነው። ወር የሌለው መጽሐፍ ከሆነ 1942 ዓ.ም. ብለሽ በቅንፍ 1949/50 በይው፣ ጸሐፊው የጻፈውን ዓመት ግን አጥፍተሽ በፈረንጁ ብቻ አትተኪው።

አሁን ቺካጎው። ፉትኖቱ ላይ ክፍሎቹ በኮማ ይለያያሉ፣ የታተመበት ቦታ፣ አሳታሚውና ዓመቱ ቅንፍ ውስጥ ይገባል፣ መጨረሻ ላይ ገጹ። ቢብሊዮግራፊ ላይ ቅንፉ ይጠፋል፣ በነጥብ ይለያያል፣ የመጽሐፍ ከሆነ ገጽ አይኖረውም። ጆርናሉ ስንተኛውን እትም እንደሚከተል ግን ጠይቂ፣ በ2024 የወጣው 18ኛው እትም ከ1900 ወዲህ ለታተመ መጽሐፍ የኅትመት ቦታ ግድ አይደለም ይላል፣ የድሮው ግን ይጠይቃል። «ኢቢድ» («ከላይ በተጠቀሰው» ለማለት) የሚሉትን ተዪው፣ 17ኛውም አጠር ያለ ማጣቀሻ መጠቀሙን ነው የሚመርጠው። ቴሲስ ላይ የለመድነው ነገር ስለሆነ ይከብዳል፣ ግን ሪቪወር ጨምሪ ብሎሽ መሃል ላይ አንድ አዲስ ፉትኖት ስታስገቢ ቀጥሎ ያለው «ኢቢድ» በሙሉ ወደማይመለከተው መጽሐፍ ይዞራል፣ ማንም አያይልሽም።

የማኅደር ወረቀት ላይ ግን አደራ። «የሲዳሞ ፋይል» ብሎ ማለፍ ምንም አይጠቅምም። እንበል ከጠቅላይ ግዛቱ ጽ/ቤት ለአገር ግዛት ሚኒስቴር የተጻፈ ደብዳቤ ከሆነ፣ ከማን ለማን፣ ቀኑ፣ የደብዳቤው ቁጥር፣ የፎልደሩና የፋይሉ ቁጥር፣ ያለበት ማኅደር፣ ይሄ ሁሉ ይጻፍ። እኔ ተማሪ እያለሁ አንድ ደብዳቤ ከነማኅተሙ በእጄ ገልብጬ የፎልደሩን ቁጥር ሳልጽፍ ወጣሁ፣ ከዓመት በኋላ ተመልሼ ሦስት ቀን ሙሉ ፈለግኩት፣ አላገኘሁትም። ደብዳቤው የያዘው ነገር ለጽሑፌ ዋናው ነበር፣ እኔ እንዳየሁት አውቃለሁ፣ ሌላ ሰው ግን ሄዶ ማየት ካልቻለ እንደሌለ ነው፣ ስለዚህ ከጽሑፌ ሰረዝኩት። እስካሁን ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ጡረታ የወጣሁ የሐዋሳ መምህር ነኝ፣ ስለ ከተማችን የድሮ ሰፈሮች እየጻፍኩ ነው። ብዙውን የሰማሁት ከሽማግሌዎች ነው፣ በምን መልክ ላስቀምጠው? አሮጌዎቹ ደብዳቤዎች ላይ «አዋሳ» ነው የሚለው፣ ላርመው?

መልስ፦ ጋሼ፣ በርቱልን፣ እነዚህን ሰዎች ዛሬ ካልጠየቋቸው ነገ ላይገኙ ይችላሉ። «አባቶች እንደሚሉት» ብለው ግን አይለፉት። በታሪክ ቴሲስ እንደተለመደው መጨረሻ ላይ የመረጃ አቀባዮች ዝርዝር ያስገቡ፣ ስም፣ ዕድሜ፣ ቃለ መጠይቁ የተደረገበት ቦታና ቀን፣ ሰውየው ነገሩን በዓይኑ ያየ ነው ወይስ ከአባቱ የሰማ። ፉትኖቱ ላይ ስሙንና ቀኑን ይጥቀሱ። ዕድሜውን የማያውቅ ሰው ቢያጋጥምዎት ቁጥር አይፍጠሩለት፣ «ደርግ ሲገባ ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ» ካለዎት እንዳለው ይጻፉት፣ ያ ከግምት ቁጥር ይሻላል። ስሜ አይጠቀስ ያለ ካለም ይከበርለት፣ ሰፈሩንና ቀኑን ብቻ ይጻፉ፣ የሰፈሩ ስም ራሱ ማንነቱን የሚያሳውቅ ከሆነ እሱንም ይተዉት። ቅጂ ካለዎት የት እንዳለ ይግለጹ።

«አዋሳ»ን አይንኩት። ደብዳቤውና የመጽሐፉ ሽፋን የሚለው እንዳለ ይገባል፣ ናዝሬት የሚል ወረቀት ቢያገኙም አዳማ ብለው አይለውጡት፣ ሰው ማኅደር ገብቶ የሚፈልገው በዛ ስም ነው። በራስዎ ጽሑፍ ውስጥ ግን ሐዋሳ ይበሉ፣ የመጀመሪያው ፉትኖት ላይ ሁለቱ አንድ ከተማ መሆናቸውን አንዴ መናገር ይበቃል።