ሩዙም ፈገግታውም ሲሰለች

ታይላንድ ሦስት ዓመት ማስተማሬን ባለፈው ሰሞን አንስቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው ጎረፈ። አብዛኛው ከዚሁ ከሰሜን ሸዋ ልጆች ነው። ለካ መንዙም፣ ይፋቱም፣ መርሃቤቴውም ጠመኔውን ይዞ ሰው አገር ሄዷል! ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ፣ ስም ትቼ፣ የቻልኩትን መልሻለሁ።

«የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ። ታይላንድ ማስተማር ከጀመርኩ አራተኛ ወር ሆነኝ። መጀመሪያ ሁሉም ነገር ደስ ይለኝ ነበር። አሁን የሩዙ ሽታ ራሱ ያስጠላኛል። ሰው ፈገግ ሲልልኝ የሚስቅብኝ ይመስለኛል። ቅዳሜና እሁድ ከክፍሌ አልወጣም። ታምሜ ይሆን?»

አልታመምክም። አራተኛው ወር ደርሶብህ ነው። ካልቸር ሾክ፣ የባዕድ ባህል ድንጋጤ፣ የሚለውን አባባል ያስፋፋው ካለርቮ ኦበርግ የሚባል አንትሮፖሎጂስት ነው። በ1954 እ.ኤ.አ. ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ባደረገው ንግግር አንተ የጻፍከውን የሚመስል ነገር ዘርዝሯል። መጀመሪያ ጫጉላ፣ ቀጥሎ ምሬት፣ ከዚያ ቀስ በቀስ መልመድ። ምልክቶቹ ውስጥ እጅን አሥር ጊዜ መታጠብና ስለ ውሃና ስለ ምግብ አብዝቶ መጨነቅ ሳይቀሩ አሉ። እርግጥ ሁሉም ሰው በዚህ መስመር አያልፍም። ጫጉላውን ሳያይ ምሬቱ የሚቀበለውም አለ።

ለምን እንዲህ እንደሚያደክም ታውቃለህ? መሐል ሜዳ ለሽማግሌ እንዴት እንደሚነሡ፣ ለቅሶ ቤት እንዴት እንደሚገቡ፣ «በሞቴ!» ሲባል ስንት ጊዜ እንቢ ብለው እንደሚቀምሱ አስበህበት አታውቅም። ዝም ብሎ ይመጣልሃል። እዚያ ግን ሰላምታውም፣ አቀማመጡም፣ ሳቁም ሒሳብ ይሠራበታል። ማታ የሚጥልህ ማስተማሩ ብቻ አይደለም፣ ይህ ቀኑን ሙሉ ያልቆመ ሒሳብ ነው።

እኔን የረዳኝ አንድ የፍራፍሬ ነጋዴ ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ሳልፈልግም እሷ ጋ ሄጄ ሙዝ እገዛ ነበር። በሁለተኛው ወር ምርቃት ትጨምርልኝ ጀመር። አንተም ደንበኛ የምትሆንበት አንድ ቦታ ፈልግ። ከእናትህ ጋር ሌሊቱን በኢሞ ማሳለፉን ደግሞ ቀንስ። አካልህ እዚያ፣ ጆሮህ መንዝ ሆኖ አይለመድም። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት እንቢ ካሉህ ግን ሐኪም ጋ ሂድ፣ የእኔን ጽሑፍ አትጠብቅ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። የትምህርት ቤታችንን ዘበኛ አንድ ምሽት ሰዓት ስጠይቀው «አንድ ቱም» አለኝ። በፈረንጅ ሰዓት 7 ነው። ሁለት ቱም ደግሞ 8 ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ልክ እንደ እኛው! ሰውየውን አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝ። አገሩ ትንሽ የእኔ የሆነው ያን ቀን ነው።

«ባንኮክ አጠገብ አስተምራለሁ፣ የደብረ ሲና ልጅ ነኝ። ‹ገባችሁ?› ስል ሁሉም ‹የስ ቲቸር› ይላሉ። ፈተና ላይ ግን ባዶ ወረቀት። እየቀለዱብኝ ነው?»

እኛስ? መምህሩ «ገባችሁ?» ሲል «አዎ!» ብለን ጣሪያውን ስናናጋው ገብቶን ነበር?

ታዮች ክሬንግ ጃይ የሚሉት ነገር አላቸው። ሰውን ላለማስቸገር፣ ላለማሳፈር ራስን መያዝ ነው። ለአማርኛው ብዙ አልደከምኩም፣ ይሉኝታ አልኩት። ተማሪው «አልገባኝም» ካለ ራሱን ያሳፍራል። «በደንብ አላስረዳኸኝም» ያለህም ይመስለዋል። ስለዚህ ጥያቄውን ጣለው። ሁለት ሁለት ሆነው ይነጋገሩ፣ ከዚያ አንዱ ይናገር። ከክፍል ሲወጡ ደግሞ በቁራጭ ወረቀት አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈው ይስጡህ። ማታ ወረቀቶቹን ስታይ ማን ምን እንደገባው ታውቃለህ።

እግረ መንገዴን፣ ልጁን ጎበዝ ለማለት ራሱን እንዳትዳብስ። እኔ ዳብሻለሁ። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነበር፣ እኔ እንደ አባት ምርቃት ነው ያሰብኩት። ክፍሉ ጸጥ አለ። ራስ እዚያ የተከበረ ነው፣ እግር ደግሞ የተናቀ። ወንበር በእግር መግፋትም ነውር ነው። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በኋላ ሹክ ባትለኝ ኖሮ ሦስቱን ዓመት ስዳብስ እከርም ነበር።

«ከአንኮበር ነኝ። ዐቢይ ጾም እየደረሰ ነው። ታይላንድ ‹አትክልት ብቻ› ብዬ ያዘዝኩት ምግብ ዓሣ ዓሣ ይለኛል።»

ናም ፕላ የሚሉት የዓሣ ስጎ ነው፣ እንደ ጨው ሁሉም ውስጥ ይገባል። «አትክልት» ብቻ አትበዪ፣ «ጄ» በዪ። ጄ ሥጋ፣ ዕንቁላል፣ ወተትና የዓሣ ስጎ የሌለበት የቡድሂስቶች ምግብ ነው። ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት የሰቀለ ቤት ፈልጊ። ችግሩ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርትም የለበትም። ያለ ሽንኩርት መብላት ለሸዋ ሰው ቅጣት ነው፣ ግን ጾም አይደል?

«መርሃቤቴ ተወልጄ አሁን ኪጋሊ አስተምራለሁ። ስታፍ ሩም ውስጥ አንዱን ባልደረባዬን ለጨዋታ ያህል ‹ዘርህ ምንድን ነው?› አልኩት። ሁሉም ዝም አለ። ከዚያ ወዲህ ሻይ እንኳ አብረውኝ አይጠጡም።»

እዚህ ላይ አልቀልድም። በ1994 እ.ኤ.አ. በ100 ቀን ገደማ ውስጥ ሩዋንዳ ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው፣ በአብዛኛው ቱትሲ፣ ተጨፍጭፏል። ያኔ ዘር መታወቂያ ላይ ይጻፍ ነበር። ኬላ ላይ የሚገድለውም የሚያሳልፈውም ያ ቃል ነበር። ከዚያ በኋላ ከመታወቂያው ወጥቷል። አንተ ለጨዋታ የጠየቅከው እሱን ኬላው ላይ መልሶ አቁሞት ይሆናል። የመንዝ ነህ የተጉለት ብሎ ወሬ መጀመር የለመድነው ነገር ነው። እኛም አገር ቢሆን ጨዋታነቱ እየቀረ ነው እንጂ።

ሰውየውን ለብቻው አግኘውና በአጭሩ ይቅርታ ጠይቅ። «በእኛ አገር እኮ» ብለህ አታብራራ። በየዓመቱ ኤፕሪል 7፣ በእኛ መጋቢት 29፣ መታሰቢያው ይጀመራል። ያን ሰሞን ሙዚቃና ድግስ እንዳታስብ። በፈረንጅ አቆጣጠር በየወሩ ማብቂያ ደግሞ፣ የመጨረሻው ቅዳሜ ጠዋት፣ ኡሙጋንዳ የሚሉት የጋራ ሥራ አላቸው። እንደ እኛ ደቦ በለው። አካፋ ይዘህ ውጣ። ሻዩ ከዚያ በኋላ መመለሱ አይቀርም። በቆሎ እየጋጥክ መንገድ ላይ አትሂድ እንጂ፣ እዚያ መንገድ ላይ መብላት ያስነውራል።

«ደብረ ብርሃን ነን። ልጄን የምታስተምር ፈረንጅ ቤታችን ጋብዘናት ጉርሻ እንቢ አለችን። ናቀችን?»

አልናቀቻችሁም። አገሯ ላይ በሰው እጅ የሚጎርሰው ሕፃንና በሽተኛ ነው። ለብቻዋ ሳህን ስጧት። ከ2,800 ሜትር በላይ ላይ ነው ያላችሁ፣ የመንዝ ባና ብታለብሷት ከመቶ ጉርሻ ይበልጥባታል።

«ሸዋ ሮቢት ነኝ። ልጄ አምስት ዓመት ሰው አገር አስተምሮ ተመለሰ። ቤቱ አልጥም አለው። ወንድሞቹን ‹በሰዓት አትመጡም› እያለ ይጨቀጭቃል። በር ላይ ጫማውን ያወልቃል። ምን አስነኩብኝ?»

እትዬ፣ ማንም ምንም አላስነካብዎትም። ጋላሆርን የሚባሉ ባልና ሚስት አጥኚዎች በ1963 እ.ኤ.አ. እንደጻፉት፣ ሰው አገር የቆየ ሰው ቤቱ ሲመለስም ሁለተኛ ዙር ድንጋጤ ያገኘዋል። ይሄኛው ሊብስ ይችላል፣ ምክንያቱም ይመጣል ብሎ ማንም አያስብም። እኔ የመጣሁ ሰሞን አንድ አዛውንት እንደ ታዮቹ መዳፌን ገጥሜ ጎንበስ ብዬ ሰላም ብላቸው «ምን ነክቶት ነው ቆሞ የሚጸልየው?» ብለዋል።

ከሁሉ የከፋኝ ግን ሌላ ነው። ስንት እንደሚከፈለኝ ያልጠየቀኝ ዘመድ የለም። የአንድ ተማሪዬን ስም የጠየቀኝ ግን አልነበረም። እርስዎ ይጠይቁት። ፎቶዎቹን ያሳይዎት፣ ማን ረባሽ እንደነበር፣ ማን ጎበዝ እንደነበር ያውራዎት። «ተለወጥክ» አይበሉት። የሰፈሩን ልጆች እንግሊዝኛ እንዲያስጠና ያድርጉት፣ ክፍል ውስጥ ሲቆም ረጋ ይላል። ጫማውን ግን ይተዉት፣ በሸዋ ሮቢት አቧራ ቤትዎ ይጸዳልዎታል።