ካንዴላውን በጣትህ ጀምረው

ጥያቄህን አንብቤ ማለፍ አልቻልኩም። 600 ሲሲ ስፖርት ሞተር አለኝ፣ ጠዋት በስንት ልመና ነው የሚነሳው፣ የደንገጎን ዳገት ስወጣ ይቆራርጣል፣ መካኒክ ካንዴላ ይቀየር አለኝ፣ ግቢዬ ውስጥ ራሴ ብቀይረውስ? ነው ያልከው። ቀይረው አቦ! ካንዴላ ማለት ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚለኩሰው ነው፣ ሥራው ከባድ አይደለም። እኔም እዚሁ ድሬዳዋ ሳቢያን፣ ግቢያችን ዛፍ ሥር ነው የምቀይረው። ግን አንዴ ጉድ ሠርቻለሁ፣ መጀመሪያ እሱን ስማ።

የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር። ሦስቱን አሰርኩ፣ ኮራሁም። አራተኛዋ ስትጀምር ከበድ አለችኝ። አዲስ ስለሆነች ነው ብዬ በቁልፍ ገፋኋት። ገባች፣ ግን ተጣማ ነው የገባችው። የቴስታታውን፣ ማለት ካንዴላው የሚታሰርበትን የሞተሩን ክዳን፣ ጥርስ በላችው። ካንዴላ ብረት ነው፣ ቴስታታ አሉሚኒየም፤ ሲጣሉ ማን እንደሚሸነፍ አስበው። ለአንዲት ካንዴላ ብዬ ቴስታታ አስፈታሁ። ቶርኖ ቤት ሄዶ አዲስ ጥርስ እስኪገባለት ሦስት ሳምንት በባጃጅ ተመላለስኩ። ሰፈር ውስጥ ያላሾፈብኝ የለም።

ከዚያ ወዲህ ያለ ጎማ ቱቦ አልጀምርም። አንድ ስንዝር የምትሆን የቤንዚን ቱቦ ቆርጠህ የካንዴላውን ነጭ ጭራ ውስጧ ትሰካለህ። ወደ ጉድጓዱ አውርደህ በሁለት ጣት ታዞራለህ። ጥርሱ ከገጠመ ልስልስ ብሎ ይሄዳል። ከተጣመመ ቱቦዋ ራሷ ትንሸራተታለች እንጂ ጥርስ የመብላት ጉልበት የላትም። በጣት እስኪቆም ድረስ ቁልፍ አትንካ። ቶርክ ቁልፍ (የማሰሪያውን ጉልበት የሚለካ) ካለህ የሞተርህ መመሪያ ያለውን ያህል እሰር። ባለ 10 ሚሊሜትር ጥርስ ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 12 ኒውተን ሜትር ነው፣ ትንሽ ነገር ናት። ከሌለህ፣ አዲስ ካንዴላ በጣት ከቆመ በኋላ ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ይበቃዋል። ጉልበትህን ለደንገጎ አስቀምጠው።

ሁለተኛው ጠላት የኛው አሸዋ ነው። የስፖርት ሞተር ካንዴላ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው የሚቀመጠው፣ የደቻቱ አቧራ ደግሞ ገብቶ ይተኛበታል። ዝም ብለህ ከፈታህ አሸዋው ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ነው። ስለዚህ አስቀድመህ ንፋው። ኮምፕሬሰር ከሌለህ የብስክሌት መንፊያም ይሠራል። ሁለት ዙር ያህል ፈታ አድርግና ደግመህ ንፋ። እኔ ዓይኔን ሳልሸፍን ነፍቼ ግማሽ ቀን ሳለቅስ ውያለሁ፣ መነጽር አድርግ።

ሞተሩ የግድ ቀዝቃዛ ይሁን። ሌሊቱን አድሮ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ጀምር። በትኩሱ ከፈታኸው ለጥርሱ አደጋ ነው፣ ለጣትህም። ባትሪውን ንቀል። ታንኩ በብዙዎቹ ላይ ከፊት ተፈትቶ ወደ ኋላ ይነሳል፣ በዱላ ደግፈው። ካወረድከው ግን ቤንዚን ይፈሳልና ሲጋራ የያዘ ጓደኛ አጠገብህ እንዳይቆም። የአየር ማጣሪያውን ሳጥን ስታነሳ ክፍት የሚቀሩትን አፎች በንጹሕ ጨርቅ ድፈን። አንድ ብሎን እዚያ ከገባች ቀልድ አይደለም። ኮይሉ (ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው) ካንዴላው ላይ የሚቀመጥ ዓይነት ከሆነ ሶኬቱን ነቅለህ፣ ግራ ቀኝ አዙረህ ወደ ላይ ሳበው፣ በካቻቢቴ አትፈልቅቀው። ገመድ ከሆነ ሳትነቅል በፊት በፕላስተር ቁጥር ለጥፍበት።

ስለ ቁጥሩ ደግሞ፣ "ድሬ ሙቀት ስለሆነ ቀዝቃዛ ካንዴላ አስገባ" የሚሉህን አትስማ። ኤንጂኬ ካንዴላ ላይ ሲአር9ኢ የሚል ካየህ 9ኙ ሙቀቱን የሚያወጣበት ደረጃ ነው። በዚህ ብራንድ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ይሆናል። ከልክ በላይ ከቀዘቀዘ ጥቀርሻውን አያቃጥልም፣ ይጠቁራል፣ የጠዋቱ ችግርህ ይብሳል። የድሬን ሙቀት የሚችለው ራዲያተሩ ነው። መመሪያው ያለውን ቁጥር ግዛ፣ አለቀ። ታይዋን ገበያ ስትገዛ ፎርጅድ እንዳይሆን አስተውል። ጽሑፉ የተንሻፈፈ፣ ጥርሱ ሸካራ የሆነ፣ የመሐሉ ዘንግ ከመሐል የወጣ ከሆነ መልስለት። ጫፉ ኢሪዲየም የሆነ ካንዴላ ከገዛህ ክፍተቱን ላስተካክል ብለህ ጫፉን አትነካካ፣ ቀጭን ነው፣ ይሰበራል።

እውነቱን ለመናገር ግን ካንዴላው ላይሆንም ይችላል። ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድ ከመንገድ ገዝተህ ነበር? የአየር ማጣሪያውንስ መቼ ነው ያየኸው? ለዚህ የድሮዎቹ ካንዴላዎች ይመሰክሩልሃል። ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆኑ ሞተሩ ደህና ነው፣ ችግሩን ሌላ ቦታ ፈልግ። ደረቅ ጥቁር ጥቀርሻ ከሆነ ቤንዚን በዝቶበታል ወይም ማጣሪያው ታፍኗል። ነጭ ሆኖ ጫፉ የተቃጠለ ከመሰለ ቤንዚን አንሶታል፣ እንደዚያ ሆኖ ደንገጎን አትውጣ። በዘይት የረጠበ ካገኘህ ወጪው ከካንዴላ በላይ ነው፣ ተዘጋጅ።

ስትፈታቸው አትቀላቅላቸው። ተቀምጠህበት በግራህ በኩል ያለው አንደኛው ነው። በቅደም ተከተል ጋዜጣ ላይ ደርድረህ ፎቶ አንሳና እዚሁ ሥር ለጥፍልን፣ አዲሶቹን ሳታስር በፊት።