ፎቶው ካለ ወረቀቱ ምን ያደርጋል? (መልስ)

ወንድሜ፣ «ፎቶዎቹ ኢንተርኔት ላይ ካሉ የፎቶግራፍ ታሪክ አጥኚ የግል ማኅደር ምን ይጠቅማል?» ብለሃል። በጣም ይጠቅማል!

የፎቶግራፍ ታሪክ አጥኚና ሰብሳቢ የነበረውን ሄልሙት ጌርንሻይምን ውሰድ። ፈረንሳዊው የፎቶግራፍ ፈልሳፊ ኒየፕስ እ.ኤ.አ. በ1826 ወይም 1827 ገደማ በመስኮቱ አሻግሮ ያነሳውን፣ እስከ ዛሬ ከተረፉት የካሜራ ፎቶዎች ቀዳሚውን፣ በ1952 ፈልጎ ያገኘው እሱ ነው። ፎቶው የብረት ሰሌዳ ላይ ነው፤ ወደ ብርሃን ካላዘነበልከው ምስሉ አይታይህም። የፎቶ ዕቃ አምራቹ ኮዳክ ቅጂ ሠራለት። ጌርንሻይም ደግሞ ቅጂውን በውሃ ቀለም ነካካው። ለዓመታት በየመጽሐፉ የታየው ጣሪያና ግንብ ያ የተነካካው ነው! ይሄን ፎቶውን በማየት ብቻ አትደርስበትም፤ የሰውየውን ደብዳቤና ማስታወሻ ማገላበጥ አለብህ።

የጌርንሻይም የፎቶ ስብስብ በ1963 ወደ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ፣ ኦስቲን ሄዷል። ሌላው ማኅደሩ ጀርመን፣ ማንሃይም ነው። ለጥናትህ ለሁለቱም ጻፍላቸው።